የበቅሎ ተራና የተቀየረው ገጽ

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የድረ ገጽ አሠራር አስተምራለሁ። በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና፣ «ቲቸር፣ ፍሬምወርክ እያለ ለምንድን ነው ሁሉንም በእጃችን የምንጽፈው?» ይለኛል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ማብራራት የምወድ ሰው ነኝ፤ የሚያውቁኝ ይህን እንደ ሕመም ነው የሚቆጥሩት።

መልሴ የታወቀ ነው። ፍሬምወርክ ማለት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ነው፤ እኛ የራሳችንን እንጨምርበታለን። ፒያሳ አካባቢ የሙሽራ ሱፍ የሚያከራዩ ቤቶችን አስታውሳቸዋለሁ። ሱፉ ዝግጁ ነው፤ ያምራል፤ ሠርጉ ነገ ከሆነ ደግሞ ከእሱ የተሻለ መላ የለም። ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ መለካት ጊዜ ይፈጃል። ነገር ግን የተከራየኸው ሱፍ የተሰፋው ለሌላ ትከሻ ነው። የት ጋ እንደሚጠብህ የምታውቀው የራስህን ትከሻ የምታውቅ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችን እንጽፋለን፣ ቀጥሎ ፍሬምወርክ እንማራለን እላለሁ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ከመሃላቸው አንዱ የወንድሙን ሠርግ ያነሳል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ዘንድሮ አዲሶቹ ተማሪዎች ዘግይተው ታኅሣሥ ላይ ገብተው ጥያቄው ሲነሳ ግን የሱፉ ምሳሌ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ለምን እንደሆነ ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

የሥራ ባልደረባዬን ማስተዋወቅ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተማርን። የእኔ ላፕቶፕ በተበላሸበት ዓመት በእሱ ላፕቶፕ ነው የመመረቂያ ሥራዬን የጨረስኩት፤ እሱ ሲተኛ እኔ እጽፍ ነበር። ኮሌጁ የቀጠረን በአንድ ጊዜ ነው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንጨቃጨቀው በዚሁ ጉዳይ ነበር። እሱ የፍሬምወርክ ሰው ነው፤ አዲስ በወጣ ቁጥር አውርዶ ይሞክራል።

«አንቺኮ መኪና እያለ ባሕር ዳር በእግርሽ የምትሄጂ ሰው ነሽ» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ አውቶቡስ የምትኮናተር።»

«ብኮናተርስ? ተቀምጬ ነው የምደርሰው።»

ስሜን ትቶ «እመቤት ማብራሪያ» ነበር የሚለኝ። ጭቅጭቃችንን ተማሪዎቹም ይወዱት ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ በትምህርት ጉዳይ በነፃነት የምጣላው ሰው እሱ ብቻ ነበርና።

የእናቴ ወንድም ከደባርቅ ከተማ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። እኔም መንደርተኛውም አያ ነው የምንላቸው። ሁለት በቅሎ አሏቸው፤ ተራራውን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ጓዝ ይጭናሉ። እዚያ በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ሥራ የሚወጣው በተራ ነው። አንዱ እንግዳ ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ ስሙ ወደ ጭራ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው እስኪገቡ ይጠብቃል። ጸሐፊው ጠዋት ጠዋት በማኅበሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። የተጠራ ሰው በቦታው ካልተገኘ ተራው ያልፋል። ስለዚህ ተራው የደረሰ የመሰለው ሁሉ በቅሎውን እየሳበ በየቀኑ ይወርዳል፤ ካልተጠራ ዳገቱን መልሶ ይወጣዋል።

አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሥራሽ ስልክ ውስጥ ነው ይሉኛል» አሉኝ።

«ይመስላል፣ አያ።»

«ምነው ታዲያ ይችን ተራችንን ስልክ ውስጥ አታስገቢልንም? እቤታችን ሆነን እንድናያት።»

ገጹን በእጄ ጻፍኩት። ስሞች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ከላይ ያለው ተረኛው ነው፤ የእሱ ስም ደመቅ ይላል። ጸሐፊው «ተመልሷል» የሚለውን ሲነካ ስሙ ወደ ታች ይወርዳል። ፎቶ የለውም፤ ቀለም የለውም። የምጽፈው ለማን እንደሆነ አውቅ ነበርና። ከአጎቴ ቤት በላይ ያለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ አንዲት ዘንግ ናት፤ እሷም ነፋስ ሲነፍስ ትጠፋለች። እዚያ ቆመን ስንሞክረው ገጹ ወዲያው ተከፈተ። አጎቴ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና «ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልጠበቅሁም።

ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሲወያይ እኔም ነበርኩ። አብራራሁ፤ ምናልባትም አበዛሁት። አንድ ረጅም፣ ምላሰኛ ሰውዬ ነበር፤ ስብሰባው የሚደምቀው በእሱ ነው።

«ይህ ስልክ ጉቦ ይበላል?» አለኝ።

«አይበላም።»

«ዘመድስ ያውቃል?»

«የማንንም ዘመድ አያውቅም።»

«እንግዲያው ከጸሐፊያችን ይሻላል» አለ፤ ጸሐፊው ራሱ ሳይቀር ሳቀ።

አጎቴ ተነሥተው «የእህቴ ልጅ ናት፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። በተራ ጉዳይ ብዙ ተጣልተው ስለነበር አንድ ደንብ አወጡ፦ ከእንግዲህ ገጹ ያለው ተራ ነው፤ በገጹ ላይ ክርክር ያነሳ ወደ ጭራ ይወርዳል። ምላሰኛው «ቅር ያለው ስልኩን በጥፊ ይበለው» ብሎ ዘጋው።

ገጹን ለባልደረባዬ ሳሳየው ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ምንድን ነው? የለቅሶ ማስታወቂያ ይመስላል።»

«ይከፈታል። ሥራው መከፈት ነው።»

«እኔ ብሠራው ሰው የሚያየው ነገር ይሆን ነበር» አለ። እንደ ሁልጊዜው ጭቅጭቃችን ቆጥሬ አለፍኩት።

በጥቅምት ወር ኮሌጁ ለሥልጠና ወደ ባሕር ዳር ላከኝ፤ ሥልጠናው ረዘም ያለ ነበር። ጸሐፊው አዲስ አባል ለማስገባት እገዛ ሊያስፈልገው ይችላል ብዬ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባዬ ሰጠሁት። በላፕቶፑ የተመረቅሁ ሰው ነኝ፤ ከእሱ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?

«አደራ» አልኩት። «አባል ከመጨመር ሌላ ምንም አትንካ።»

«እሺ፣ እመቤት ማብራሪያ። ገብቶኛል።»

ከባሕር ዳር ስደውልለት ሁሉም ደህና ነው ይለኝ ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ ተመለስኩ። ብዙም ሳልቆይ አጎቴ ደወሉ። ስለ ጤናዬ ሳይጠይቁ ነገር ጀመሩ፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም። «ልጄ፣ አንዴ ብቅ በይ። ይህ በስልክ አይሆንም።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ወጣሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ግራ ቀኙ አዝመራ ነው፤ ዳባት ስንደርስ ገብሱ ከአውድማ ላይ ሲበራይ ከመስኮት ይታይ ነበር። ደባርቅ የማኅበሩ ደጃፍ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። አጎቴም ተቀምጠዋል፤ ግን ለብቻቸው፣ በቅሎዎቹ ከታሰሩበት አጥር ሥር። በእኛ አካባቢ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ይጠየቃል። እኔን ግን «እንደምን ዋልሽ» ብቻ ነበር ያሉኝ።

ምላሰኛው ብቻ ጨመረ። «እንኳን መጣሽ። የአጎትሽ በቅሎዎች ሰኮናቸው አለቀ፤ እባክሽ ትንሽ አሳርፊልን።»

ስልኬን አወጣሁ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ። ቀጥሎ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች፤ እንዲህ ያለች ነገር እኔ አልጻፍኩም። ዞራ ዞራ ስታበቃ የተራራ ፎቶ፣ የሚያምር ፊደል፣ እያንዳንዱ ስም በሳጥን ውስጥ የተቀመጠበት አዲስ ገጽ ተከፈተ። ከሁሉም በላይ ያለው የአጎቴ ስም ነበር። አጎቴ ደግሞ ከሥራ የተመለሱት ከትናንት ወዲያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። እንዲህ ያለው ዝግጁ ዝርዝር በብዛት የሚሠራው ለዜና ወይም ለመልእክት ነው። በዜና ገጽ ላይ ከላይ መቀመጥ ያለበት መጨረሻ የገባው ነው፤ ስለዚህ ፍሬምወርኩ የተለየ ነገር ካላዘዙት መጨረሻ የተነካውን ስም ወደ ላይ ያወጣል። ጸሐፊው «ተመልሷል» ባለ ቁጥር ወደ ጭራ መውረድ የነበረበት ሰው ወደ ራስ ይወጣል ማለት ነው። የወጣ ይደጋግማል፤ የጠበቀ እየሰመጠ ይሄዳል።

«አያ፣ ደጋግሞ ሲደርስዎ ግር አላለዎትም?» አልኳቸው ለብቻችን።

«አዝመራ ነዋ፣ ልጄ። ገብሱ የደረሰበት ሁሉ ተራውን ያሳልፋል። እኔ ቀድሜ አጭጃለሁ። ሰው ማሳው ላይ ነው ብዬ ነው የወጣሁት።»

እውነታቸውን ነው፤ በኅዳር ተራ መዝለል የቆየ ልማድ ነው። የቀሩት ደግሞ ደንባቸው አስሯቸዋል፤ በገጹ ላይ ክርክር ያነሳ ጭራ ይሆናል። ከደንቡም በላይ ይሉኝታ ይዟቸዋል፤ አጎቴን ፊት ለፊት «ሌባ» የሚላቸው ሰው እዚያ የለም። ስለዚህ ዝም ብለው ቆጠሩባቸው። ከአጎቴ ሌላም ደጋግመው የወጡ ነበሩ፤ ገጹን የሠራች የእህት ልጅ ያላቸው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከግቢው ወጥቼ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ።

«አየሽው?» አለኝ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል። «ልነግርሽ ነበር። ስትመለሺ ራስሽ እንድታይው ብዬ ነው።»

«ምን ብዬህ ነበር የሄድኩት?»

«አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሰው እየፈለገ ነው። ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ አንተ የሠራኸው ገጽ አሳየን ይላሉ። እኔ ምን አለኝ? የተማሪ መልመጃ። የአንቺ ላይ ግን ሰው በየቀኑ ይገባል።»

«ጸሐፊው አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ከእሷ ጋር ተነጋግረን ነው አልኩት። ያለዚያ አይቀበለኝም ነበር።»

የበቅሎዎቹ አጥር ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ገጹን መቀየሩ ያናድዳል። የእኔን ስም ዋስ አድርጎ መቀየሩ ግን ሌላ ነገር ነው። አጎቴ ስሜን ይዘው ለእነዚህ ሰዎች ዋስ ሆኑ፤ እሱ በዚያው ስም ጸሐፊያቸውን አታለለ።

ገብቼ ለማኅበርተኛው አብራራሁ። ገጹን ሌላ ሰው እንደቀየረው፣ ስሞቹ ለምን እንደተገለበጡ፣ አጎቴ ምንም እንዳላደረጉ ነገርኳቸው። ባብራራሁ ቁጥር ፊታቸው ሲዘጋ ይታየኝ ነበር።

«ስልኩ ዘመድ አያውቅም ብለሽን ነበር» አለ ምላሰኛው። አልሳቀም። «እኔን ረስቶ አያን ያስታወሰው በምን ነው?»

ሊቀ መንበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «ሌላ ሰው ነው ካልሽ ይምጣ። በአፉ ይንገረን። ያደረገው ሰው ከተናገረ አያን የሚከስ የለም» አሉ። ስብሰባው ለቀጣዩ ቅዳሜ ተቀጠረ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩና አሮጌውን ገጽ መለስኩት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያም የለመድነው ክርክር ውስጥ ሊያስገባኝ ሞከረ።

«ፍሬምወርኩኮ አላጠፋም። አንድ መስመር ነበር የሚያስፈልገው፤ ቅደም ተከተሉን ማዘዝ ብቻ።»

«ልክ ነህ» አልኩት። ልክ ስለነበረ ነው። «ፍሬምወርኩን አልከሰስኩም። ደባርቅ መጥተህ ይህንኑ ንገራቸው።»

«እመጣለሁ። ደባርቅ የት ይደርሳል?»

«ቅዳሜ ጠዋት የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ስላለኝ አንቺ ቅደሚ፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ እደርሳለሁ» አለኝ። ቀደምኩ። ማኅበርተኛው አውድማውን ለልጆቹ ትቶ መጥቷል። አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር። «የት ደረሰ?» ይሉኛል፤ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ ስደውል ጠራ፤ አልተነሣም። ሁለተኛ ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለኝ። ከጎንደር የገባ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ተነሥቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ላይ ስትጠፋ ሰዉ ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ይህ ሰውዬ በእውነት አለ?» አለ ምላሰኛው ቀስ ብሎ። «ወይስ እሱም ስልክ ውስጥ ነው?»

ልነሣና እንደገና ላብራራ ስል አጎቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«በቃ፣ ልጄ። አታብራሪ።»

ተነሡ። «ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያልደረሰኝን ተራ ወጥቻለሁ። አውቄ አይደለም፤ ግን ወጥቻለሁ። በቅሎዎቼን ከተራው አውጡልኝ። ሰው ሁሉ ጠግቦ እስኪወጣ ድረስ እቤቴ እቀመጣለሁ።»

አንድ ሰው «ኧረ አይሆንም» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላለም። ሊቀ መንበሩ አንገታቸውን ደፉ፤ ስብሰባው ተበተነ።

አጎቴ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ልገባ ስል፣ «አያ፣ ለምን ተቀበሉላቸው? እንዳልዋሸሁ ያውቃሉ አይደል?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። የእኔ ማወቅ ለእኔ ነው። እነሱ የሚያውቁት ይመጣል የተባለ ሰው አለመምጣቱን ነው።»

ሰኞ ባልደረባዬ ምክንያቱን ነገረኝ። ድርጅቱ በዚያው ሰዓት በስልክ ቃለ መጠይቅ ጠርቶት ነበር። ስልኩን ያጠፋው ሲጨርስ፣ ምን እንደሚለኝ ጨንቆት እንደሆነም ነገረኝ። አመንኩት። ማመኔ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ። «የእኔን ገጽ አውርደሽዋል። አድራሻው ማመልከቻዬ ላይ አለ፤ ከፍተው ያዩታል። ቅደም ተከተሉን አስተካክዬዋለሁ። ለትንሽ ጊዜ መልሺልኝ።»

ኮዱን ላፕቶፑ ላይ አሳየኝ። አስተማሪ ነኝና አነበብኩት። በትክክል ተስተካክሏል። ክብደቱንም ቀንሶታል፤ ምናልባት ጉብታው ላይም ይከፈት ነበር። ተማሪ ቢያመጣልኝ ጥሩ ውጤት እሰጠው ነበር።

«ደባርቅ ሂድና በእነሱ ፊት ተናገር» አልኩት። «በተናገርክበት ዕለት የአንተን ገጽ እመልሰዋለሁ፤ ለዘለቄታውም ቢሆን ይቆይ።»

«ለሁለት በቅሎ ተራ ይህን ሁሉ?»

ፊቱን አየሁት። በላፕቶፑ ስጽፍ አጠገቤ የሚተኛውን ልጅ ፈለግሁ። የማላውቀው ሰው አልነበረም፤ ያው እሱ ነው። ይህ ነው የከበደኝ።

«አዎ» አልኩት። «ለሁለት በቅሎ ተራ።»

እስካሁን አልሄደም። ሥራውን ማግኘት አለማግኘቱን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ቢሮ ውስጥ አሁንም ፊት ለፊት ነን፤ ስለ ቾክና ስለ ፈተና መርሐ ግብር እናወራለን። እመቤት ማብራሪያ ማለቱን ትቷል።

ለተማሪው በመጨረሻ መልስ ሰጥቼዋለሁ። ፍሬምወርክ ጊዜ ይቆጥባል፤ ብዙ ሰው የፈተሸው ነው፤ ትልቅ ሥራ ያለ እሱ አይወጣም፤ ነገር ግን ያላዘዝከውን ነገር በራሱ ልማድ ይሞላዋል አልኩት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንደ ደንቡ አስተምረዋለሁ፤ ሳላንኳስስ። ሱፉን ግን አላነሣሁም፤ ደባርቅ ላይ ያጠፋው ሱፉ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊው ደውሎ «አያን ከጭራ ላስገባቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሳቸውን ጠይቅ አልኩት። ጠይቋቸዋል። አይሆንም ብለውታል፤ አንድ ሰው መጥቶ መናገር አለበት ብለውታል። ማታ ገጹን ከፈትኩት። ወዲያው ተከፈተ። ሁሉም ከላይ እስከ ታች በየቦታቸው ተሰልፈዋል፤ አያ የሉም።